ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ይሟሽሻል

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተማክረው የመጡ ይመስላሉ። አምስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን ከተደረገ በኋላ ስለሚያብጥ እጅ። አምስቱም ደግሞ የመጡት ከከተማው ዳር ዳር ነው። እኔም ፊዚዮቴራፒስት ልሁን እንጂ የዳር ሰው ነኝ። "ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ" ማለት ለዳር ሰው ሁለት ታክሲ፣ አንድ ባጃጅና የግማሽ ቀን ሰልፍ ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። ስለዚህ ሂዱ የምለው የምር ሲያስፈልግ ነው። ቤት የሚሠራውን ቤት እንሠራለን።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 44 ነው፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ከዓመት ከሁለት ወር በፊት ቀኝ ጡቴ በኦፕራሲዮን ወጣ፣ ብብቴም ተጠረገ። ኬሞውንም ጨረሩንም ጨርሻለሁ። አሁን ሁለት ወር ይሆነዋል፣ ቀኝ እጄ ይከብደኛል። ማታ ማታ አምባሬ ምልክት ይሠራብኛል፣ የሸሚዜ እጅጌም ይይዘኛል። ጠዋት ስነሳ ግን ደህና ነኝ። ጎረቤቶቼ ብርድ ነው አሉኝ። አንዷ ደግሞ ዋግምት የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ ብላ ልትወስደኝ ቀን ቆርጣለች። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው፤ በሽታው ተመልሶ ይሆን? ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኩትም። እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ነን፣ ጀሪካን አታንሺ እንዳይሉኝ አደራ።
ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ፣ የዕድሜ እኩዮች ነን። ከሁሉ በፊት የዋግምቱን ቀጠሮ ሰርዢ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ብርድ አይመስለኝም። ሳያዩ መፍረድ ባይቻልም የጻፍሽው ነገር ሁሉ የሚጠቁመው ሊምፌዴማ ወደሚባለው እብጠት ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ አንድ የቱቦ መረብ አለ። ከደም ሥር የሚያመልጠውን ውሃና ፕሮቲን እየሰበሰበ መልሶ ወደ ደም ያስገባል። ፈሳሹ ሊምፍ ይባላል። መንገዱ ላይ ማጣሪያ ኬላዎች አሉ። ጉሮሯችን ሲታመም አንገታችን ሥር የሚያብጡት፣ እናቶቻችን ንፍፊት የሚሏቸው እነሱ ናቸው። ብብት ውስጥ ብቻ ከ20 እስከ 30 የሚደርሱ አሉ፤ ከእጅ የሚመለሰው ፈሳሽ በአብዛኛው የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው።

ሐኪሞቹ ብብትሽን የጠረጉት የጡት ካንሰር መጀመሪያ የሚሻገረው ወደዚያ ስለሆነ ነው። ልክ ናቸው። ግን ኬላው ሲነሳ መንገዱም አብሮ ተነሳ። ጨረሩ ደግሞ የተረፉትን ቀጫጭን ቱቦዎች ጠባሳ ሊያደርጋቸው ይችላል። ክረምት ላይ የሰፈር ማስወረጃ ቱቦ በአፈር ሲደፈን ምን እንደሚሆን እናንተ ሰፈር አይነገራችሁም፤ ዝናቡ ስለበዛ አይደለም፣ ውሃው መሄጃ አጥቶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። እጅሽም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሽንት የሚያሸና ኪኒን የማይረዳውም ለዚህ ነው። ኪኒኑ ውሃውን ቢቀንስ ፕሮቲኑ እዚያው ይቀራል፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ውሃውን መልሶ ይጠራዋል። አክስቴን አንድ ክሊኒክ ይህንኑ ኪኒን ለሦስት ወር አስዋጣት። ሌሊት ሌሊት ሽንት ቤት ስትመላለስ ከረመች እንጂ እጇ ቅንጣት አልቀነሰም።

ብብታቸው ሙሉ በሙሉ ከተጠረገ ሴቶች መካከል ከ5 አንዷን ያህል ይህ እብጠት ያገኛታል። ከእነዚያ ኬላዎች ጥቂቱ ብቻ ወጥቶ ለተመረመረላቸው ግን ከ20 አንዷ ገደማ ናት። እኛ አገር ብዙዋ ሴት ሐኪም ፊት የምትቀርበው በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሆነ መጥረጉ ይበዛል፣ ስለዚህ እብጠቱም ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነው አስቀድሞ የሚነግር ሰው ነው። አብዛኛው የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ውስጥ ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ የጀመራትም አለች። የሰውነት ክብደት ሲጨምርም ዕድሉ ይጨምራል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፣ ከኬሞ በኋላ ብዙ ሰው እንደሚወፍር አውቃለሁ።

ተመልሶ ይሆን ላልሽው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ግን "አይደለም" የሚልሽ የሚከታተልሽ ሐኪም እንጂ እኔ መሆን የለብኝም። በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ሄደሽ አሳዪ፣ የሦስት ወሩን ቀጠሮ አትጠብቂ። እጅሽ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ካበጠ ግን፣ ከባድ ሕመም ካለው፣ መልኩ ከጠቆረ ወይም ደም ሥሮቹ ከተገተሩ በዚያው ቀን ሂጂ፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ጣቶችሽ ከደነዘዙ፣ እጅሽ ዕቃ መጨበጥ ካቃተው፣ ብብትሽ ውስጥ፣ ከአንገትሽ ሥር ካለው አጥንት በላይ ወይም ጠባሳው ላይ አዲስ ጓጓላ ከዳሰስሽም ቶሎ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ደጉ ወሬ። "ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ደህና ነኝ" ያልሽው እኔን ያስደሰተኝ ነገር ነው። እብጠቱ ገና ለጋ ነው ማለት ነው። ሰው በዚህ ጊዜ ነው ችላ የሚለው፣ ጠዋት ስለሚሟሽሽ። "ተሻለኝ" ይላል፣ ማታ ይረሳዋል። እንዲህ እያለ ዓመት ይሞላዋል። ፈሳሹ ብዙ ሲቆይ ግን ቆዳው ሥር ሥጋው ይጠነክራል፣ ስብም ይሠራል፣ ያኔ እጅን ከፍ ማድረግ ብቻውን አይመልሰውም። ለሕክምና ምርጡ ጊዜ አሁን አንቺ ያለሽበት ነው።

የልብስ ሰፊ ሜትር ግዢ። ሁለቱንም እጅ ለኪ፤ መዳፍሽን ዙሪያውን፣ የእጅሽን አንጓ፣ ከዚያ ከአንጓው 10፣ 20፣ 30፣ 40 ሳንቲሜትር እየራቅሽ በእስክሪብቶ ነጥብ እያደረግሽ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቀው። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ ዛሬ ጠዋት፣ በሌላ ጊዜ ማታ ከለካሽ ራስሽን ታታልያለሽ። ደብተር ላይ ከቀኑ ጋር ጻፊው። አንዱ ቦታ ላይ በሁለቱ እጆችሽ መካከል 2 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ ደብተሩን ይዘሽ ሐኪም ጋ ነው። በቀኝሽ የምትሠሪ ከሆነ ቀኝሽ ከድሮም ትንሽ ሊወፍር ይችላል፣ ስለዚህ ከወር ወር ማደጉን ነው ልብ የምትዪው። በነገራችን ላይ ኦፕራሲዮኑን ገና የምትጠብቁ ካላችሁ ከመግባታችሁ በፊት ተለኩ። በኋላ የምታወዳድሩበት ታገኛላችሁ።

ሌላም አለ። ያበጠውን ቦታ በአውራ ጣትሽ ለትንሽ ሰከንድ ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ጎድጉዶ ከቆየ ፈሳሽ አለ ማለት ነው።

ወደ ዋግምቱ። ያ እጅ ትልቁ ጠላቱ ጀርም ነው። ሊምፉ የሚያጥበውን ያህል ሳያጥብ ስለሚቀር ትንሽ ቀዳዳ የገባ ጀርም እንደልቡ ይራባል። ዋግምት የሚያደርገው ሰው ደግሞ ቆዳሽን በምላጭ ይበጣዋል። በገዛ እጅሽ በር መክፈት ነው። ቢያሳክክሽም አታስበጪው። ወጌሻም ተዪ። የወጌሻ እጅ ለወለቀ አጥንት ነው የለመደው፣ ኃይለኛ እሽት እነዚያን ቀጫጭን ቱቦዎች ይጎዳል። እኛ የምናደርገው መታሸት ሌላ ነው፤ ቆዳውን ብቻ እያንሸራተተ ፈሳሹን ወደ ጤነኛው ብብትና ወደ ብሽሽት የሚነዳ፣ ለስላሳ ነው። መጀመሪያ የሚታሸው እጁ ሳይሆን አንገትና ደረት ነው። መጀመሪያ ቀን የሚመጡ ሰዎች "ይሄው ነው እንዴ?" ይሉኛል።

ጀሪካኑ። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ። አታንሺ አልልሽም፣ ልማድ ሆኖ ለታካሚ ሁሉ "በዚያ እጅ ምንም አትሥሪ" ይባል ነበር፣ ያ ግን ጡንቻን ያሰንፋል። ሊምፍ እንደ ልብ ያለ ፓምፕ የለውም። ቱቦው ራሱ እየተኮማተረ ይገፋዋል፣ የጡንቻ እንቅስቃሴና ጥልቅ ትንፋሽ ደግሞ ያግዙታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። በቀላል ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት ያነሱት እብጠታቸው አልባሰም፣ እንዲያውም ድንገት የሚብስባቸው ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ቁልፉ "ቀስ በቀስ" የሚለው ነው። ሁለት ወር ተኝቶ የከረመ እጅ ውሃ የመጣ ዕለት ድንገት ስድስት ጀሪካን ሲያወጣ ያብጣል። ስለዚህ ትልቁን ለባለቤትሽና ለልጆቹ ተዪው፣ አንቺ ባለ 5 ሊትር ያዢ፣ በየፎቁ እያረፍሽ፣ አንዱን ዙር በቀኝ ሌላውን በግራ። ማታ እጅሽን ለኪ። ካልጨመረ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዙር ጨምሪ። ከጨመረ ቀንሺ።

ጠዋትና ማታ ደግሞ አሥር ደቂቃ ስጪው። በረጅሙ በሆድሽ ተንፍሺ፣ ትከሻሽን አሽከርክሪ፣ ክርንሽን እጠፊ ዘርጊ፣ ጨብጪ ክፈቺ፣ እያንዳንዱን 10 ጊዜ። ስትተኚ ትራስ ላይ ከልብሽ ከፍ አድርጊው።

እንጀራ ስትጋግሪ ረጅም የጨርቅ ጓንት አድርጊ። የምጣዱ እንፋሎት አክንባሎው ሲነሳ የሚያገኘው አንጓን ነው። ልብስ ስታጥቢ በረኪናው እጅሽን እንዳያነደው ላስቲክ ጓንት። ሽንኩርት ስትከትፊ ከተቆረጥሽ፣ ጓሮ ስትኮተኩቺ እሾህ ከወጋሽ፣ በሳሙና ታጥበሽ አንቲሴፕቲክ አድርጊበትና ሁለት ሦስት ቀን ተከታተዪው። ቆዳሽ እንዳይሰነጠቅ በየቀኑ ቅባት ቀቢ፣ ቫዝሊንም ይሆናል።

ለባለቤትሽ ደግሞ ዛሬ ማታ ንገሪው። ሜትሩን የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልግሻል፣ በአንድ እጅ አንዱን እጅ መለካት አይመችም።

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመታቸው ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ግራ እጃቸው ካበጠ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ አሁን ጠንክሯል፣ ሲጫኑትም አይጎደጉድም። ከፋርማሲ ላስቲክ ፋሻ ገዝቼ አጥብቄ አስርላቸዋለሁ፣ ግን ጣታቸው ጭራሽ ያብጣል። ሰዉ ዝሆኔ ነው እያለ ስለሚያወራ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሁሉ ትተዋል። ይድናሉ?
ከሰበታ

መልስ፦ ፋሻውን ዛሬ ፍቺው። ክፉ አስበሽ አይደለም፣ ግን ያ የሚለጠጠው ፋሻ ለወለምታ የተሠራ ነው። ሲያርፉም ሲተኙም ሳያቋርጥ ይጨምቃል። ላይ ላይ ከጠበቀ ደግሞ ፈሳሹን ወደ ጣት ይነዳዋል፣ ያየሽው እሱን ነው። ለሊምፌዴማ የሚሆነው ብዙም የማይለጠጥ ፋሻ ነው። ጣት ከጣት ተጠቅልሎ፣ ከሥሩ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ተደርጎ፣ ከታች ጠበቅ ከላይ ላላ እያለ ይሄዳል። እናትሽ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ጡንቻው ከፋሻው ጋር እየተጋፋ ፈሳሹን ይገፋዋል። በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ከመታሸትና ከስፖርት ጋር፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት። ይህን የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ይጀምረው፣ አንቺም አብረሽ ሂጂና እጅሽን አስለምጂ፣ በየቀኑ ከሰበታ መመላለስ አትችሉም።

ከቀነሰ በኋላ ነው የሚጨምቀው እጅጌ የሚመጣው። ብዙ ሰው ከእጅጌው ይጀምራል፣ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዛሬ ባበጠው ልክ የተገዛ እጅጌ እጁ ሲቀንስ ይሰፋል። ውጭ ዘመድ ካላችሁና ላክልን ካላችሁት "ሚዲየም ይሁን" ብላችሁ አትላኩት። የአንጓውን፣ የክርኑን፣ የብብቱን ሥር ዙሪያና የእጁን ርዝመት ጽፋችሁ ላኩ፣ ልኩን የሚወስደው ደግሞ ሐኪም ቤት ያለ ሰው ይሁን። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ይለበሳል፣ ማታ ይወልቃል። ላዩን ማጠፍ ክልክል ነው፣ የታጠፈው እንደ ገመድ ያንቃል። ሁለት ቢኖር አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። በስድስት ወር ገደማ ላስቲኩ ይደክማል፣ ያኔ መቀየር ነው። ጣታቸው ከደነዘዘ ወይም መልኩ ከተለወጠ ወዲያው ይውለቅ።

ይድናሉ ወይ? እውነቱን ልንገርሽ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። በጣም ይቀንሳል ግን፣ ይለሰልሳል፣ ይቀላል፣ ነጠላ መልበስና ልጅ ማቀፍ አያቅታቸውም።

ዝሆኔ ለሚሉት። እኛ አገር ዝሆኔ በብዛት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው። ሌላው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ በቀዩ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚህ አገር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው ጥፋተኛው አፈሩ መሆኑን ያሳየው። የእናትሽ ከሁለቱም አይደለም። ከማንም አልተላለፈባቸውም፣ ለማንም አያስተላልፉም። ፖዶኮኒዮሲስም ቢሆን አይተላለፍም፣ ስንት ሰው ከማኅበርና ከድግስ የቀረው በከንቱ ነው። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር የሊምፍ መንገዱ መበላሸቱ ነው። ስለዚህ ከእነዚያ ታማሚዎች የምንማረው አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሰዎች የተካፈሉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻና ጫማ ብቻ ታማሚዎቹን እየደጋገመ በትኩሳት የሚጥለውን ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ውድ ማሽን የለበትም። እናትሽም እጃቸውን በየቀኑ በሳሙና ይታጠቡ፣ የጣቶቻቸውን መሐል አጥበው ያድርቁ፣ ይቀቡ። ያን ጊዜ ፋሻውም ይሠራል።

እሑድ ደግሞ አንቺ ራስሽ ይዘሻቸው ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ቆዳው ካልቆሰለ ጉዳት የለውም። ከጠበል በኋላ ይድረቁና ቅባታቸውን ይቀቡ። ፋሻውንና መድኃኒቱን ግን ለጠበል ብለው እንዳያቋርጡ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ድንገት ተንቀጠቀጠች፣ ትኩሳቷ ነደደ፣ በኦፕራሲዮኑ በኩል ያለው እጇ ቀላ፣ እንደ ፍም ጋለ። ወባ መሰለኝ፣ ፓራሲታሞል ሰጥቻት አደርን። እሑድ ቀኑን ጠበቅን። ሰኞ ክሊኒክ ስንሄድ ለምን ዘገያችሁ ብለው ተቆጡን፣ አንቲባዮቲክ ጀመሩላት። አሁን ተሽሏታል። ይመለሳል?
ከሱሉልታ

መልስ፦ ሊመለስ ይችላል ወንድሜ፣ ስለዚህ በደንብ አንብበኝ። የነበረባት ሴሉላይተስ የሚባል የቆዳ ኢንፌክሽን ነው። ባበጠ እጅ ላይ በሰዓታት ውስጥ ይስፋፋል፣ ወደ ደም ከገባ ነፍስ ይነካል። በተመለሰ ቁጥር ደግሞ የሊምፍ ቱቦዎቹን ይጨርሳል፣ እብጠቱም ይጨምራል፣ እብጠቱ ሲጨምር ኢንፌክሽኑ ይደጋገማል። ቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። መቅላት፣ መጋል፣ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነው። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅህ ጀርባ ዳስሰህ ከሌላው እጇ ጋር አወዳድር፣ ሙቀቱ አይዋሽም። መቅላቱ የታየበትን ድንበር በእስክሪብቶ አስምርበት፣ ሐኪሙ እየሰፋ መሆኑን ያይበታል።

ሌሊት ከሱሉልታ መኪና እንደማይገኝ አውቃለሁ። አሁን፣ ደህና ሳለች፣ መኪና ካለው ጎረቤት ወይም ከአንድ ሹፌር ጋር ተነጋገር፣ ስልኩን ግድግዳ ላይ ለጥፈው። የሰጧትን አንቲባዮቲክ ስምም በወረቀት ጻፈው። እሷም ኪኒኑን ተሻለኝ ብላ እንዳታቋርጥ፣ የታዘዘውን ትጨርስ። ሕመሙና ሙቀቱ እስኪወርድ ድረስ መታሸትና ፋሻ የለም፣ እጁን ከፍ አድርጋ ትረፍ። በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመለሰባት ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መከላከያ አንቲባዮቲክ ስላለ ሐኪሟን ጠይቅ።

ከየት እንደገባም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከጣት መሐል ስንጥቅ ወይም ከጥፍር ሥር ነው። ጥፍር ስትሠራ የጥፍሩን ሥር ቆዳ አታስቆርጥ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡቴን ከተሠራሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ እጄ አላበጠም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው አንዲት ነርስ በተሠራሁበት በኩል ደም ግፊት ለካችኝ፣ ተጣላኋት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄ ደግሞ ከውጭ ቲኬት ልካልኛለች፣ አውሮፕላን ያሳብጣል ይላሉ። ፍል ውሃ መግባትም እወድ ነበር።
ከለገጣፎ

መልስ፦ እማማ፣ ይተኙ። ከ600 በላይ ታካሚዎችን ለዓመታት እጃቸውን እየለካ የተከታተለ አንድ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ደም ግፊት መለካትም፣ ደም መቅዳትም፣ መርፌም፣ አውሮፕላንም እጅ ከማበጥ ጋር ግንኙነት አልተገኘባቸውም። የተገኘው ከብብት መጠረግ፣ ከክብደትና ከዚያ ከነገርኳችሁ ኢንፌክሽን ጋር ነው። ምርጫ ካለ በደህናው እጅ ይለኩ፣ ይቀዱ፣ በትህትና ይናገሩ፣ ነርሷም ሰው ናት። ምርጫ ከሌለ ግን፣ በተለይ ድንገተኛ ሲሆን፣ በዚያኛው ቢለካ ዓለም አይጠፋም።

ልጅዎ ጋ ይሂዱ። መንገድ ላይ ተነስተው ይራመዱ፣ ጣትዎን ይጨብጡ ይክፈቱ፣ ሻንጣውን ሌላ ሰው ያንሳው። እንደሚመስለኝ ሻንጣው ከአውሮፕላኑ ይልቅ ያስፈራል፤ የእኛ አገር እናት ለልጇ በርበሬና ሽሮ ይዛ ስትሄድ ኪሎውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ፍል ውሃውን ግን ቢቀንሱት ደስ ይለኛል። ሙቀት ደም ወደ ቆዳ ስለሚጠራ ፈሳሹ ይበዛል። ለብ ያለ ገላ መታጠብ ምንም አይልም። ገንዳ ውስጥ ረዥም ሰዓት መቀቀልና እንፋሎት ውስጥ መቀመጥ ነው የሚቀረው።

ጥያቄ፦ አጭር ነው። የቃል ኪዳን ቀለበቴ በተሠራሁበት በኩል ነው፣ ማታ ማታ ይጠብቀኛል። ላውልቀው ወይስ ልተወው? ባለቤቴ በሕይወት የለም፣ አውልቄው አላውቅም።
ከቡራዩ

መልስ፦ ከባድ ነገር እንደጠየቅሽኝ ይገባኛል። ግን አውልቂው፣ ነገ ጠዋት፣ እብጠቱ ሳይነሳ። እጅሽን ለአምስት ደቂቃ ከራስሽ በላይ ያዢው፣ ከዚያ በሳሙና ወይም በዘይት አለስልሰሽ እያዞርሽ ሳቢው፣ አትጎትቺው። እምቢ ካለ ቆዳውን ከመላጥ ወርቅ ሠሪ ጋ ሄደሽ አስቆርጪው፣ ወርቅ ይበየዳል። ጣትሽ ቀለበቱን ውጦት ከደነዘዘ ግን ወርቅ ሠሪ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

አክስቴም እንዳንቺ አስቸግራን ነበር። አሁን ከማተቧ ጋር አስራዋለች።